«ጠገገ»፣ «ሻረ»፣ «ደረቀ»፦ ሦስቱ አንድ ናቸው ወይ?

የሞላሌ ልጅ፦
በእኛ በመንዝ በኩል በገብስ አጨዳ ማጭድ ጣቱን የቆረጠውን ሰው «እንዴት ሆነልህ?» ስትሉት አንዱ «ጠግጎልኛል»፣ ሌላው «ሽሮልኛል»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ደርቋል» ይላል። ሦስቱንም «ዳነ» ብሎ መፍታት ልክ ነው? ወይስ እያንዳንዱ ቁስሉ ውስጥ የሚሆነውን የተለየ ነገር ይነግረናል?

ባለ ፋሻ (ደብረ ብርሃን)፦
አንድ አይደሉም። አንድ ናቸው ብሎ መያዙም ሰውን ይጎዳል። ግን ከመጀመሪያው እንነሳ፤ ከሦስቱም በፊት «ረጋ» አለ።

ቆዳ ሲቆረጥ የተበጠሰው የደም ሥር ወዲያው ይኮማተራል። ደም አርጊዎቹ (ፕሌትሌት የሚባሉት፣ በደም ውስጥ የሚዞሩ ጥቃቅን አካላት) ከሥሩ ግድግዳ ስር የተጋለጠውን ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳንና ሥርን የሚያጸናውን የፕሮቲን ክር፣ ሲያገኙ ይጣበቁበታል፤ እርስ በርሳቸውም ይያያዛሉ። ይህ ብቻውን ደካማ ውታፍ ነው። የሚያጸናው ፋይብሪኖጅን የሚባለው፣ በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚዞር ፕሮቲን ነው። ትሮምቢን የሚባለው ኢንዛይም ጫፍ ጫፉን ሲቆርጠው ፋይብሪን ይሆንና ክር እየሠራ ደም አርጊዎቹንና ቀይ የደም ህዋሳቱን ይጠልፋል። ለዚህ ነው የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ 10 ደቂቃ ሙሉ ሳይገለጥ መያዝ ያለበት። በየደቂቃው «ቆመ ወይ?» እያሉ መግለጥ ያንን ክር መበጠስ ነው። የተፈጨ ቡና መነስነስም ደሙ የቆመ ቢያስመስለውም፣ ዱቄቱ ክሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀርና በኋላ ለማጠብ ያስቸግራል። አፈርና እበት ከሆነማ መንጋጋ ቆልፍን ሊያመጣ ይችላል።

ዘአንኮበር፦
«ረጋ»ን ስላነሡ እትዬ፣ ሥሩን ልጨምር። በግዕዝ «ረግዐ» ፈሳሹ ጠጠረ፣ ጸና ማለት ነው፤ «እርጎ»ም የወጣው ከዚሁ ነው። ወተትና ደም በአንድ ግስ መጠራታቸው ደስ የሚል ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱም ፈሳሹን የሚያጠጥረው በውስጡ የነበረ ፕሮቲን ነው። ወተቱን የሚያረጋው ኮምጣጣነት ነው፤ ደሙን ደግሞ ትሮምቢን። «ጓጎለ» ግን እኔ እስከምሰማው ለጓል ጓሉ፣ ለተቋጠረው ነው፤ «ደሙ ረጋ» ሲባል ሥራው፣ «ጓጎለ» ሲባል መልኩ ይታየኛል።

ለፋይብሪንም «የደም ድር» የሚል ስም ብንሰጠው ምን ይመስላችኋል?

የሞላሌ ልጅ፦
ጋሼ፣ የሱፍ ባና እና ዝተት በሚሠራበት አገር «ድር» ቀጥ ብሎ የተዘረጋው ነው፤ ማጉ ያቋርጠዋል። ፋይብሪን በየአቅጣጫው የተጠላለፈ ከሆነ «መረብ» ይሻለዋል።

ባለ ፋሻ (ደብረ ብርሃን)፦
«መረብ» ትክክል ነው። «ድር»ን ግን አትጣሉት፤ ጠባሳ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

አሁን ሰው በጣም የሚስተው ቃል «አመረቀዘ» ነው። በመጀመሪያው ሁለት ሦስት ቀን ቁስሉ ዳር ዳሩን ቢቀላ፣ ቢሞቅ፣ ትንሽ ቢያብጥ አመረቀዘ አይባልም። ነጭ የደም ህዋሳት እየገቡ ነው፦ ኒውትሮፊሎች በሰዓታት ውስጥ ይደርሱና በ1 እና በ2 ቀን መካከል ይበዛሉ፤ ባክቴሪያ ይበላሉ። ከ2ኛው እስከ 3ኛው ቀን ማክሮፋጆች ይተኳቸዋል። እነዚህ የሞተውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያም በላይ ቀጣዮቹን ህዋሳት የሚጠሩትን የማደጊያ ፕሮቲኖች ይለቃሉ። ማክሮፋጅ በደንብ ካልሠራ (ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ላይ እንደሚታየው) ቁስሉ እዚያው እብጠቱ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል።

«እዥ» እና «መግል»ም ይለያዩ። እዥ ጠራ ያለ ወይም ቢጫማ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ከደም ሥር የወጣ ውኃና ፕሮቲን ስለሆነ አያስደነግጥም። መግል ወፍራም ነው፤ የሞቱ ኒውትሮፊሎችና ባክቴሪያ ናቸው። አመረቀዘ የሚባለው ከ3ኛው ቀን በኋላ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ሲጨምር፣ መቅላቱ ከዳሩ አልፎ ሲሰፋ፣ መግል ሲቋጥር ነው። እግር ላይ ከሆነ ብሽሽት ውስጥ ንፍፊት ይወጣል። ትኩሳት ወይም ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር ከታየ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው።

ምንጃሬ፦
ንፍፊት ግን ቁስሉ «ወደ ላይ ወጣ» ማለት ነው ሲባል እሰማለሁ። ልክ ነው?

ባለ ፋሻ (ደብረ ብርሃን)፦
ቁስሉ አልወጣም፤ ከቁስሉ የሚመለሰው ፈሳሽ የሚጣራበት ዕጢ ነው ያበጠው። እዚያ ያሉት ህዋሳት ለውጊያ ሲባዙ ዕጢው ይተልቃል። ማሸት ወይም መብጣት አያስፈልገውም፤ መታከም ያለበት እግሩ ነው።

ዘአንኮበር፦
እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። «ጠገገ» የሚባለው መቼ ነው?

ባለ ፋሻ (ደብረ ብርሃን)፦
ላዩ ሲገጥም። ከቁስሉ ጠርዝ ያሉት የቆዳ ህዋሳት በአንድ ቀን ውስጥ ከያዙት ነገር ይላቀቁና እየተንፏቀቁ ወደ መሐል ይሄዳሉ። የተሰፋ ቁርጥ ከሆነ በ24 እስከ 48 ሰዓት ስስ ሽፋን ሊገጥም ይችላል፤ ሰፊ ግልጥልጥ ከሆነ ሳምንታት ይወስዳል።

«ደረቀ» የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ህዋሳት የሚሄዱት እርጥብ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ቅርፊት ጠንክሮ ሲይዝ ከሥሩ እርጥበት ያለበትን ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ መንገዱንም በኢንዛይም እየፈቱ ነው የሚያልፉት። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ቆዳ ላይ እንዳሳየው፣ ተሸፍኖ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ለንፋስ ከተተወው በእጥፍ ያህል ፍጥነት ቆዳ ለበሰ። በደብረ ብርሃን ደረቅ ብርድና ንፋስ «ንፋስ ይምታው» ብሎ መተው እንግዲህ ህዋሳቱን መንገድ ማሳጣት ነው። በንጹሕ ውኃ አጥቦ ቫዝሊን ስስ አድርጎ ቀብቶ መሸፈን፣ በቀን አንዴ ወይም ፋሻው ሲረጥብ መቀየር። አረፋ የሚያወጣውን ፔሮክሳይድ ደጋግሞ ማፍሰስ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን አዲሶቹንም ህዋሳት ይገድላል።

የሞላሌ ልጅ፦
«ሥጋ ሞላ» የሚባለውስ?

ባለ ፋሻ (ደብረ ብርሃን)፦
ይህ ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ቀን ይጀምራል። ፋይብሮብላስት የሚባሉ ህዋሳት የፋይብሪኑን መረብ እየተንጠላጠሉ ይገቡና በቦታው ኮላጅን ያፈሳሉ፤ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮችም አብረው ይበቅላሉ። ቀይ፣ ጥራጥሬ ጥራጥሬ የሚል፣ ሲነኩት የሚደማ ሥጋ ነው። ሰው ይህን «የተበላሸ ሥጋ» ብሎ ይፍቀዋል ወይም ይተኩሰዋል። አደራ፣ አይነካ። ከዚያ ሌሎች ህዋሳት እንደ ጡንቻ እየተኮማተሩ ጠርዙን ወደ መሐል ይስቡታል።

ኮላጅኑ እንዲጸና ቫይታሚን ሲ የግድ ነው፤ ያለ እርሱ ኮላጅን የሚገመድባቸው ሦስቱ ክሮች ተጠማዝዘው አይያዙም። ቫይታሚን ሲ ለወራት ያጣ ሰው የድሮ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፤ በጠባሳ ውስጥ ያለው ኮላጅን ሁልጊዜ እየፈረሰ የሚታደስ ነውና። «አገረሸ» የሚለው ቃል ለዚህ በትክክል ይሠራል። ጎመን፣ ቃሪያና ብርቱካን ይበላ።

«ሻረ» ግን የመጨረሻው ነው። ከ3ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ስስ ኮላጅን በጠንካራው ይተካል፤ ሥራው እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በ1 ሳምንት ጥንካሬው ከደኅናው ቆዳ 3 በመቶ ያህል ነው፤ በ3 ወር 80 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። የፊት ስፌት ክር በ5 ቀን ገደማ ሲወጣ የእግሩ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚቆየው እግር ስለሚወጠርና ቀስ ብሎ ስለሚድን ነው። በ7ኛው ቀን «ጠግጓል» ብሎ ማጭድ የጨበጠ ሰው ጣቱ የሚፈነዳው ጠገገን ሻረ ብሎ ስለወሰደ ነው።

ዘአንኮበር፦
«ሻረ» ሹመትን ሲሽር ተሻሪ አለው፤ ቁስል ግን ራሱ ይሽራል። «ይሽራል» ብቻውን ሲቆም የትኛው እንደሆነ የሚለየው ባለቤቱ ነው። ለእኔ ቁስሉ ከሹመቱ የወረደ ያህል ነው የሚሰማኝ። እና ያ ድሩስ?

ባለ ፋሻ (ደብረ ብርሃን)፦
ደኅና ቆዳ ውስጥ ኮላጅኑ ድርና ማግ ነው፤ በየአቅጣጫው ተሸምኗል። ጠባሳ ውስጥ አብዛኛው ክር ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። ድር ብቻ፣ ማግ የሌለው። ቁስሉ ጥልቅ ከነበረ ጠጉርና የላብ ዕጢም አይመለሱም። ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ ካደገ ኬሎይድ ይባላል፤ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ የባሰ ያደርገዋል።

ምንጃሬ፦
«ገጣባ»ስ? ቁስል ነው ጠባሳ?

ባለ ፋሻ (ደብረ ብርሃን)፦
ቁስሉ ነው። የአህያው ገጣባ የማይሽረው ላዩ ሳይገጥም ጭነት ተመልሶ ስለሚጫነው ነው፤ ግፊቱ ደሙን ያስቀራል፣ አዲሶቹ ህዋሳት ይፈጫሉ። ከኮርቻው በታች ነጭ ጠጉር ካያችሁ ግን ገጣባው ሽሯል፤ የጠጉሩ ሥር ስላልጠፋ ጠጉሩ በቅሏል፣ ቀለም የሚሰጡት ህዋሳት ብቻ አልተመለሱም።