አስቸኳይ፦ ነገ ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ አለኝ፣ ውጤቴ ኮሮና ሆቴሎችን አልነካም እያለ ነው

ማስተርስ_አሰልችቶኛል
ቤቶች ቶሎ ድረሱልኝ። ቴሲሴ ወረርሽኝ የሆቴልና የቱሪዝም ኩባንያዎችን የአክሲዮን ሪተርን (ከአክሲዮኑ የሚገኘውን ትርፍ ወይም ኪሳራ) እንዴት እንደሚነካ ነው። ሆቴሎቹ ማሪዮትና ሂልተን፣ የሽርሽር መርከቦቹ ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ናቸው። ገበያው ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ)፣ ኢቨንቱ (ዋጋውን ነክቶ እንደሆነ የምፈትሸው ክስተት) ማርች 11 ቀን 2020፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ያለበት ቀን። ሲግኒፊካንት አይደለም፣ ማለት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል ይለኛል! አማካሪዬ ስልክ አያነሳም። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?

ቡና_በጨው
አማካሪ ስልክ ያነሳበትን ቀን ኢቨንት አድርጊው፣ ያለ ጥርጥር ሲግኒፊካንት ይወጣል 😂

ቁጥር_አይዋሽም
አድጀስትድ ክሎዝ (ለዲቪደንድ፣ ማለትም ለትርፍ ክፍፍል፣ የተስተካከለ የመዝጊያ ዋጋ) ነው የተጠቀምሽው? ዲቪደንድ ካልተስተካከለ ሁሉም ይዛባል።

ጋሽ_መምህር
ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ፋብሪካ ገበያ ሲጠፋ ዕቃውን መጋዘን አስገብቶ ቆይቶ ይሸጣል። ሆቴል ግን ትናንት ባዶ ያደረውን አልጋ ዛሬ አይሸጠውም። ወለዱና ጥበቃው ግን ይከፈላል። ባለአክሲዮን ይህን ስለሚያውቅ ገና ወሬው ሲሰማ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሳርስ (የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ) ጊዜ እነ ታይዋን ሆቴሎችም ይኸው ነው የደረሰባቸው።

ማስተርስ_አሰልችቶኛል
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሱ ምዕራፍ ሁለት ላይ አለ። የገደለኝ ምዕራፍ አራት ነው። አዎ፣ አድጀስትድ ነው።

ወረፋ_ላይ_ነኝ
ቆይ፣ አሜሪካ ምን ወሰደሽ? አገር ውስጥ ሆቴል ጠፋ?

ቡና_በጨው
የኛ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በኛ አቆጣጠር በ2017 ነው ወንድሜ። ኮሮና የገባበትን የ2012ን ዋጋ ከየት ታምጣው፣ ከመርካቶ?

ማታ_ፈረቃ
ኢስቲሜሽን ዊንዶውሽ (ሞዴሉ ጤናማውን የዋጋ አካሄድ የሚማርበት ጊዜ) ከየት እስከ የት ነው?

ማስተርስ_አሰልችቶኛል
ከማርች 10 ወደ ኋላ 120 ቀን

ማታ_ፈረቃ
በቃ፣ እሱ ነው። ገበያው ጫፍ የነካው ፌብሩዋሪ 19 ነው። ፌብሩዋሪ 24 በአንድ ቀን ከ3 በመቶ በላይ ወረደ። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ዮኮሃማ ላይ ኳራንቲን የገባችው ደግሞ በወሩ መጀመሪያ ነው፣ የካርኒቫል መርከብ ናት። አንቺ ይሄን ሁሉ "ጤነኛ ጊዜ" ብለሽ አስገብተሽዋል። ስለዚህ ቤታው (አክሲዮኑ ገበያው ሲነቃነቅ ምን ያህል እንደሚነቃነቅ) ይጋነናል፣ ስታንዳርድ ኤረሩም (ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል) ያብጣል፣ ሞዴልሽ ውድቀቱን ድሮም የምጠብቀው ነበር ይላል። ዊንዶውን ዲሴምበር 2019 መጨረሻ ላይ ዝጊው። ኢቨንቱን ፌብሩዋሪ 24 አድርገሽም ሞክሪ።
ሌላው፣ ማርች 11 ማታ ገበያ ከተዘጋ በኋላ ትራምፕ የአውሮፓን መንገደኛ አገደ። በማግስቱ ኤስ ኤንድ ፒ 9.5 በመቶ ወደቀ። በዚያው ቀን ፕሪንሰስ፣ የካርኒቫል እህት ኩባንያ፣ መርከቦቿን ለ60 ቀን አቆመች። የትኛው ወሬ የትኛውን እንደጣለ መለየት አትችይም፣ ይህን ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪው።

ቁጥር_አይዋሽም
አድጀስትድ ክሎዙን ግን ደግመሽ እዪው።

ሒሳብ_ሹም
ርዕስሽ ላይ ቅር ብሎኛል። ሲግኒፊካንት አይደለም ማለት አልነካም ማለት አይደለም። አንቺ የምትለኪው አብኖርማል ሪተርን የሚያሳየው ከገበያው ጋር ከሚጠበቀው በላይ የወደቀውን ብቻ ነው፣ ገበያውም አብሮ ታሟል። ደግሞ ሆቴልና መርከብ አንድ ላይ አማካይ አይወጣላቸውም። ማሪዮትና ሂልተን አብዛኛውን ሕንፃ አልገነቡትም፣ ስም ሰጥተው ክፍያ ይሰበስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወረርሽኙ በፊት የነበረውን ዋጋ አልፈውታል። ካርኒቫል ግን መርከቡ የራሱ ነው፣ ቆሞም ገንዘብ ይበላል። ኤፕሪል 2020 አዲስ አክሲዮን በ8 ዶላር ሸጠ፣ በ11.5 በመቶ ወለድም ተበደረ። ጃንዋሪ ላይ ዋጋው 50 ዶላር አካባቢ ነበር። ለይተሽ አቅርቢያቸው።

ማታ_ፈረቃ
እውነቱን ነው። ጊዜ ካለሽ ኖቬምበር 9 ቀን 2020ንም ጨምሪ፣ የፋይዘር ክትባት ዜና የወጣበትን። ካርኒቫል በአንድ ቀን 40 በመቶ ገደማ ዘሏል።

ማስተርስ_አሰልችቶኛል
እሺ እሺ እየቀየርኩ ነው፣ መብራት እንዳይሄድ ብቻ ጸልዩልኝ

ወረፋ_ላይ_ነኝ
እህት፣ እንዴት ሆነ?

አዲስ_ገቢ
መልስ ባትሰጥም እኔ ልጠይቅ። ፕሮፖዛሌ አየር መንገዶች ላይ ነው፣ በዚሁ መንገድ ይሠራል?

ሒሳብ_ሹም
ይሠራል፣ የአሜሪካዎቹን ከወሰድክ። የኛው የመንግሥት ነው፣ አክሲዮኑ ገበያ ላይ የለም። ሜይ 2 ቀን 2020ን ብቻ ተጠንቀቅ፣ አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ቡፌት የአየር መንገድ አክሲዮኑን ሁሉ ሸጫለሁ ያለበት ቀን ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ዋጋው የሚታይህ ሰኞ ነው።