በቤተሰብ እርሻ ላይ ከሰዓት በኋላ ቀበሮ ማደን ግልገሎቻችንን ያተርፍልናል?

ጥያቄ
የአራት ኪሎ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ የቤተሰባችን እርሻ ግን መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚያወጣው በኩል ይገኛል። ገብስና ባቄላ ይዘራበታል፤ ሆኖም አገሩ ውርጭ ስለሆነ ሰብሉ አንድ ዓመት ቢሰጥ በሌላው ይነሣል፣ የቤቱም ዋና መተዳደሪያ በግ ነው። መሬቱን የሚያርሱት አጎቴ ሰሞኑን ሲደውሉ ቀበሮ ግልገሎቹን ከእናታቸው ሥር እየነጠቀ እንዳስቸገራቸው፣ እረኛው ልጅ ትምህርት ቤት በሚውልበት ቀን ደግሞ ጉዳቱ እንደሚብስ በምሬት ነገሩኝ።

በዚሁ ሰሞን አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት የሚኖረው የእኚሁ አጎቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ በሚስቱ ወላጆች እርሻ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮዮቲ የሚባለውን ቀበሮ መሰል አውሬ እንዴት እንዳደኑ አጫወተን። አማቱ ከሁሉ በፊት የለዩት የነፋሱን አቅጣጫ ነው፤ ኮዮቲ የሰው ጠረን ከደረሰው አይቀርብምና። ከዚያ በታጨደ የበቆሎ ማሳ ዳር ጀርባቸውን ለድርቆሽ ክምር ሰጥተው ተቀመጡ፤ የተያዘች ጥንቸል የምታሰማውን ጩኸት የሚያወጣ ትንሽ ድምፅ ማጉያም ራቅ አድርገው አኖሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ፣ ካልመጣ ቦታ ይለውጣሉ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አንድ ኮዮቲ ከማሳው ማዶ ብቅ አለ፤ ነገር ግን በቀጥታ ወደ ድምፁ አልመጣም፤ ጠረን ወደሚያገኝበት ወገን ዞሮ፣ አንድ የፊት እግሩን እንዳነሣ ቆሞ አየሩን አሸተተ። አማቱም ከእንስሳው ኋላ መንገድም ሆነ ቤት አለመኖሩን አይተው ካረጋገጡ በኋላ ተኮሱ።

አሁን ዘመዳችን ያንኑ ድምፅ ማጉያ ይዞ መንዝ ሊወርድና በአባቱ ጠመንጃ ቀበሮዎቹን ሊያድን አስቧል። አባቱን ለመርዳት ያለውን ፍላጎት አከብራለሁ፤ ሆኖም ልቤ አልረጋም። እንዲህ ያለው አደን በእውነት በጎችን ያተርፋል ወይ? በአገራችን ሕግስ ይፈቀዳል? ለአጎቴ የሚበጅ ሌላ መላ ካለ፣ የምታውቁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


መልስ
የካዛንቺስ ነዋሪ

በአሜሪካ እርሻ በሚበዛበት አገር ለዓመታት ሠርቼ የተመለስኩ በመሆኔ፣ የአጎትዎ ልጅ ያወጉዎት የአደን ሥርዓት ልክ እንደሆነ ልመሰክር እችላለሁ። በካንሳስ ኮዮቲ ዓመቱን ሙሉ ይታደናል፤ በቁጥርም ገደብ አልተደረገበትም። እዚያ ያሉ ገበሬዎች ይህን የሚያደርጉት ለጭካኔ አይደለም። ከብትና በግ አርቢው የጥጃና የግልገል ወቅት ከመድረሱ በፊት በገዛ መሬቱ ላይ የሚያስቸግረውን አውሬ ሲያስወግድ ለዚያ ወቅት ፋታ እንደሚያገኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፋታው ግን የአንድ ወቅት ብቻ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣው ሕግ መሠረት ኮዮቲን ሲያስወግድ ኖሯል፣ እስከ ቅርብ ዓመታትም በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን ይገድል ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ኮዮቲ አልጠፋም፤ ይልቁንም ጠላቱ የነበረው ትልቁ ተኩላ ከአብዛኛው አገር ሲጠፋለት ከቀድሞ ሜዳው ወጥቶ ከአላስካ እስከ ፓናማ ተስፋፋ። ቺካጎን በመሰለ ታላቅ ከተማ መካከል እንኳ ይኖራል፤ የእኛ ጅብ በሌሊት በወንዝ በወንዙ ወደ አዲስ አበባ እንደሚገባ ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 በሒሳብ ቀመር እንዳሳዩት፣ በየዓመቱ ከመቶ 70 ያህሉ ቢገደሉ እንኳ ኮዮቲዎች ራሳቸውን ሊተኩ ይችላሉ። ጥንዶቹ የሚጠብቁት ክልል ሲለቀቅ የራሳቸው ክልል ያልነበራቸው ወጣት ኮዮቲዎች ገብተው ይይዙታል፤ የቀሩትም ምግብ ስለሚበዛላቸው ቡችሎቻቸው በብዛት ያድጋሉ።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ አንድ ወይም ሁለት መግደል፣ ካንሳስም ቢሆን፣ የበጉን ጠባቂ አይተካም። መንዝ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህ የከበደ ይመስለኛል፤ እሱን ግን ባለሙያ ቢናገርበት ይሻላል።


መልስ
የባዮሎጂ መምህር

ከእኔ በፊት የጻፉት የካዛንቺስ ወንድማችን ነገሩ የከበደ ነው ያሉት እውነት ነው። የቤተሰብዎ እርሻ ከጓሳ አጠገብ ከሆነ ሁለት ዓይነት ቀበሮ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚገኘው ተራው ቀበሮ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ነው። የቀይ ቀበሮ አዋቂዎች ቁጥር በመላው አገሪቱ 500 ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፣ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ ደጋዎችና በዚያው በጓሳ በጥቂት በጥቂቱ ተበታትነዋል። በጓሳ አንድ ጥንድ ቢገደል የሚጎድለው የአንድ ቤተሰብ መንጋ እናትና አባት ነው፤ ከባሌ መጥቶ የሚተካቸውም የለም፣ በመካከሉ ያለው ቆላና እርሻ አያሻግርምና።

እጅግ የሚያሳስበኝ የታሰበው ሰዓት ነው። ተራው ቀበሮ ሰው በሚበዛበት አካባቢ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በሌሊት፣ በማለዳና በምሽት ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ምግቡ የሆኑት አይጦች ከጉድጓዳቸው የሚወጡት በቀን ስለሆነ እሱም በቀን ያድናል። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ በጓሳ ሜዳ ላይ ጠመንጃ ይዞ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው እንስሳ በጉን የነጠቀው ሳይሆን አይጥ የሚጠብቀው ሊሆን ይችላል። ቀይ ቀበሮም አልፎ አልፎ ግልገል መያዙ ባይካድም ኑሮው የተመሠረተው በአይጥ ላይ ነው፤ አይጥ ደግሞ የገብሱ ጠላት ነው።

ሁለቱን ከቅርብ ያየ ሰው አያምታታቸውም። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹልና ቀጭን ነው፤ ጀርባውና ጎኑ ደማቅ ቀይ ሲሆን ጉሮሮው፣ ደረቱና ሆዱ ነጭ ነው፣ የቀዩና የነጩ ድንበርም ጥርት ብሎ ይታያል። ጭራው ወፍራም ሆኖ ከመካከል እስከ ጫፉ ይጠቁራል። ተራው ቀበሮ ግራጫና ቡናማ የተደባለቀበት ነው፣ እንዲህ ያለ የጎላ ድንበር የለውም። ይሁን እንጂ ከ200 ሜትር ርቀት፣ ፀሐይ ከኋላ ሆና፣ ደመናም ሲወርድ ይህን ለይቻለሁ የሚል ሰው ቢኖር እኔ አላምነውም።

አንድ ነገር ብጨምር አይከፋዎትም። በጓሳ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ እንደወጣው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት ከመቶ 25 ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ውሻ ሲያዩ ይሸሻሉ፣ እሱን ግን በመካከላቸው እየተራመደ እያዩት ሣራቸውን መንጨት አያቋርጡም። ዘመድዎ ከሰዓት በኋላውን በዚያ ሜዳ ላይ ማሳለፍ ከፈለጉ ጠመንጃውን ትተው አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ይዘው ቢወጡ፣ በካንሳስ ማንም ያላየውን ያያሉ።


መልስ
የሕግ ባለሙያ፣ ሜክሲኮ

ስለ ሕጉ ለተጠየቀው በአጭሩ ልመልስ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ እንስሳው በገዛ እርሻዎ ላይ መገኘቱም ፈቃድን አይተካም። በካንሳስ ባለ መሬት የሆነ ሰው ያለው መብት እዚህ የለም። ቀይ ቀበሮ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ የከበደ ነው። ከጦር መሣሪያ በኩልም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃዱን የሚሰጠው ለግለሰብ ስለሆነ፣ የአባት ፈቃድ ለልጅ አያገለግልም። ጸጥታው ባልረጋበት በዚህ ወቅት በመስክ ላይ ተኩስ ማሰማት በቤተሰቡም በጎረቤቱም ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለእርስዎ አልነግርዎትም። ጉዳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ አጎትዎ የጠፉባቸውን በጎች ቀንና ቦታ መዝግበው፣ በቀበሌያቸው አስመስክረው ለወረዳው ያመልክቱ።


መልስ
የመንዝ ልጅ፣ አራዳ

እኔ የተወለድኩት እዚያው ጌራ ምድር ነው፤ ስለ አደን ሳይሆን ስለ በግ ልናገር። አባቶቻችን አንበሳና ዝሆን ለገደለ ፎክረዋል፣ አስፎክረዋል፤ ቀበሮ ገደልኩ ብሎ በአደባባይ የቆመ ግን አላየንም፣ አልሰማንምም። ቀበሮን የሚከላከሉት በእረኛና በጋጥ ነበር። ጓሳውንም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ቦታውን አልተወውም፣ ዛሬም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ነው። የዚያ አገር ልጅ ከውጭ መጥቶ በዚያ ሜዳ ዳር ቢተኩስ ለአጎትዎም በጎረቤት ዘንድ መልካም ስም አይተርፋቸውም።

መላው እንዲህ ነው። በአውራ በጉ ይጀምሩ። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከእናቶቹ ጋር ከዋለ ግልገል በየወሩ ይወለዳል፣ ጠባቂም በየወሩ ያስፈልጋል። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ነውና አውራውን ለይቶ አቆይቶ በአንድ ጊዜ መልቀቅ፣ ግልገሎቹ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲወለዱ ያደርጋል፤ የሚያስፈልገውም ብርቱ ጥበቃ ለእነዚያ ሳምንታት ብቻ ይሆናል። ልደቱም ልጁ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ላይ እንዲውል ማስላት ይቻላል። አዲስ የተወለደው ግልገል ጉልበቱ እስኪጸና ድረስ ሜዳ አይውጣ፤ እናቴ ከምድጃው አጠገብ በቅርጫት ደፍታ ታቆያቸው ነበር፣ እናቶቹ በጎችም ማታ ሲገቡ ያጠቧቸዋል። የጋጡ ድንጋይ ካብ ደግሞ በአንድ ሰው ቁመት ከፍ ብሎ ከላዩ እሾህ ይደረግበት፤ ቀበሮ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሩ ሥር ባለው ክፍተት ስለሆነ ደፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ።

መርዝ እንዳይታሰብ። መርዝ በተደረገበት ሥጋ ላይ የሚያርፈው ጥንብ አንሣ ይሞታል፣ የቤቱ ውሻም ይሞታል።


የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ለዘመዴ አነበብኩለት፤ ጠመንጃውን ትቶ የጋጡን ካብ ለማሠራት ገንዘብ ሊያወጣ ተስማምቷል። አባቱ ግን ሁለት ብርቱ ውሾች ይጨመሩልኝ ብለዋል። ከአዲስ አበባ ወስደን ብንሰጣቸው ችግር ይኖረው ይሆን?


መልስ
የእንስሳት ሐኪም፣ ጉለሌ

ውሻ ለበግ ጥበቃ መልካም ነው፤ ሳይከተብ ግን ወደዚያ አገር አይውረድ። ቀይ ቀበሮን ከጥይት ይልቅ የጨረሰው የውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ፣ ወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በሸለቆው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2010 ደግሞ ሌላው የውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር፣ ብዙዎቹን ገድሏል። አዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ ከዚህ መንገድ ላይ የተገኘ ውሻ ጭኖ መውሰድ ለቀበሮዎቹ ብቻ ሳይሆን ለአጎትዎ ልጆችም አደጋ ነው።

ዕድሜያቸው ሦስት ወር የሞላ ቡችሎች ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ከግልገል ጋር አብሮ ያደገ ውሻ በጉን እንደ ወገኑ ያያል፣ ካደገ በኋላ የመጣ ግን ራሱ በግ ነካሽ ሊሆን ይችላል። ለእብድ ውሻም ለዲስቴምፐርም እዚህ ያስከትቧቸው፤ የክትባቱ ኃይል እስኪጸና ቢያንስ አንድ ወር በግቢዎ ያቆዩአቸው፤ ከዚያም በየዓመቱ እንዲደገምላቸው የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከወዲሁ ያነጋግሩ። በአጎትዎ ቤት ያሉት የቀድሞ ውሾችም አብረው መከተብ አለባቸው። ውሾቹ ቀን ከመንጋው ጋር ይዋሉ፣ ማታ ከጋጡ በር ይታሰሩ፣ ወደ ጓሳው ግን ተለቀው አይሂዱ። እስከዚያው ሰው በውሻ ወይም በቀበሮ ከተነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።