የራዲያተር ትራፕ መቀመጫው ተበልቶብኛል

ሰላም ወገኖች። ፊላደልፊያ የገዛነው ቤት የ1920ዎቹ ነው። ማሞቂያው ባለ ሁለት ቧንቧ እንፋሎት ሲሆን 9 ራዲያተሮች አሉት። ትራፖቹ፣ ማለትም በየራዲያተሩ መውጫ ላይ ያሉት ቫልቮች፣ ውሃውንና አየሩን ብቻ ማሳለፍ ሲገባቸው እንፋሎቱንም ይለቁታል። የመመለሻው ቧንቧ እጅ አያስነካም፤ ሌሊት እንደ መዶሻ ሲቀጠቅጥ ልጆቹ ይባንናሉ። የቦይለሩ ግፊት ከ2 ፒኤስአይ በታች ነው።

የሦስቱን ክዳን ፈትቼ የውስጡን ቴርሞስታት (በሙቀት ተለጥጦ መውጫውን የሚዘጋውን ክፍል) ቀየርኩ። ሁለቱ ተስተካከሉ፤ መውጫቸው አሁን ከራዲያተሩ ቀዝቀዝ ይላል። የሳሎኑ ግን ያው ነው። በባትሪ ሳየው የነሐሱ መቀመጫ (ቴርሞስታቱ ሲዘጋ የሚያርፍበት ቀለበት) ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት አለች። ባለሙያ ትራፑን ሙሉ በሙሉ እንቀይረው አለኝ። ያን አሮጌ ቧንቧ ማስነካት ግን ያስፈራኛል፤ ከተሰበረ ግድግዳ ማፍረስ ሊመጣ ነው።

የትራፑን አካል ከቧንቧው ሳልፈታ መቀመጫውን ብቻ ማለስለስ ወይም መቀየር ይቻላል?