ካል 2 ወድቆብኛል፣ ፕሌቱ እየጠበቀ ነው! ምን ላድርግ?

ሄለን፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የማግኔቲክ ቢድ ፕሌቴ (ናሙናዎቹ ከጥቃቅን ማግኔታማ ኳሶች ጋር ያሉበት ባለጉድጓድ ሳህን) ታጥቦ፣ ፒኢ የሚባለው አብሪ ቀለም ተጨምሮበት አልቋል። ማንበብ ብቻ ነው የቀረኝ። የቢዶቹን ብርሃን የሚያነበው ማሽን ግን ካሊብሬሽን (ንባቡን ማስተካከል) እምቢ አለ። ከሁለቱ የካሊብሬሽን ቢዶች ካል 1 አለፈ፣ ካል 2 ወደቀ። ደገምኩት፣ ያው ነው።

ፒፔት፦ መጀመሪያ ፕሌቱን አድኚው። በፎይል ሸፍነሽ ፍሪጅ አስገቢው። ፒኢ ብርሃን ላይ ከቆየ ይደበዝዛል። እስከ ማግስት ማቆየት የሚፈቅዱ ኪቶች አሉ፤ የአንቺን መመሪያ እዪ። ከማንበብሽ በፊት ሼከር ላይ አድርጊው፣ ቢዶቹ ሥር ይዘቅጣሉና።

ሚዛን፦ የትኛው ማሽን እንደሆነ አልነገርሽንም። ማግፒክስ በኤልኢዲና በካሜራ ነው የሚያነበው፤ ሉሚኔክስ 200 ግን ሌዘር አለው፣ እስኪሞቅ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ደግሞ ካሊብሬሽንና ቬሪፊኬሽን አይምታቱ። በካሊብሬሽን ጊዜ ብርሃናቸው የታወቀ ቢዶች ያልፋሉ፣ ማሽኑም ንባቡ ከዒላማው ቁጥር እስኪገጥም ራሱን ያስተካክላል። ቬሪፊኬሽን ምንም አይነካም፣ መስተካከሉን ብቻ ይፈትሻል። ካል 1 የቢዶቹን መለያ ቀለም ይመለከታል። ካል 2 የሪፖርተሩ፣ ማለትም የፒኢው ብርሃን ነው፤ ኤምኤፍአይ (የብርሃኑ መካከለኛ መጠን) የምንለው ውጤትሽ ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሰላም፦ የካል 2 ጠርሙሱን ቮርቴክስ አድርጊው (በመንቀጥቀጫው በጥብጪው)።

ንጋት፦ ለመሆኑ ዛሬ ካሊብሬት ማድረግ ለምን አስፈለገ? ሳምንት ካልሞላውና ሙቀቱ ካለፈው ካሊብሬሽን በ3 ዲግሪ ካልራቀ፣ በነበረው አንብቢ።

ሚዛን፦ በዚህ አልስማማም። አንዴ ከወደቀ ምክንያቱ ሳይታወቅ ናሙና አይነበብም። ስታንዳርድ ከርቩ (መጠናቸው ከታወቀ ናሙናዎች የሚሠራው መለኪያ መስመር) ቆንጆ ሊመስል ይችላል፤ የዛሬው ቁጥር ግን ካለፈው ሳምንት ጋር አይወዳደርም። ቢያንስ ቬሪፊኬሽኑ ይለፍ።

ሄለን፦ ሌዘር ያለው ነው። ከጠዋት ጀምሮ በርቷል።

ሰላም፦ ቮርቴክስ አልኩ እኮ! ቢዶቹ እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ ቀስቅሻቸው 😀

ታዛቢ፦ የካል 2 ጠርሙስ አዲስ ነው እንዴ? ዒላማ ቁጥሩ በየሎቱ (በየምርት ዙሩ) ይለያያል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው የድሮው ሎት ከሆነ፣ ቢዱ ደህና ሆኖም ማሽኑ የተሳሳተ ቁጥር እያሳደደ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሎት ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። ካልገጠመ የአዲሱን ሎት ዒላማ አስገቢና ካል 1ንም ካል 2ንም እንደገና አስኪጂ። ከዚያ ቬሪፊኬሽን።

ሄለን፦ ጠርሙሱ ዛሬ ነው የተከፈተው! ሄጄ ልየው።

ፒፔት፦ ሎቱ ከገጠመ ደግሞ ከካል 2 ጠርሙስ የምታንጠባጥቢያቸውን ጠብታዎች እዪ። ጠርሙሱን ገልብጠሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢው። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጣያት፣ አረፋ ትይዛለች።

ዮናስ፦ የኔ ካሊብሬሽን ያልፋል፣ ፕሌቱ ላይ ግን የሚቆጠሩት ቢዶች ብዛት ከ50 በታች ይወርዳል። ያው ችግር ይሆን?

ታዛቢ፦ አይመስለኝም። የፕሮቡ (ናሙናውን የሚስበው መርፌ) ቁመት ለዚያ ፕሌት ተስተካክሏል? ችግሩ እሱ ካልሆነ ፕሮቡን አውጥተህ በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ በሚያጸዳው ዕቃ) እጠበው። ማጠቢያው ላይም ፕሌቱ ማግኔቱን ሳይለቅ ነው የምትደፋው? አለዚያ ቢዶቹ አብረው ይፈሳሉ።

ንጋት፦ ሄለን፣ ሎቱ ገጠመ?