ሁለቱ ዘመናዊ ቀፎዎቼ ደክመዋል፤ ላዋህዳቸው ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ከደምበጫ አካባቢ፣ የካቲት መጨረሻ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። አራት ቀፎ ንብ አለኝ። ሁለቱ አባቴ ከቀርከሃ ሠርቶ በጭቃና በእበት የለቀለቃቸው ባህላዊ ቀፎዎች ናቸው። ሁለቱ ዘመናዊ ናቸው፤ ንቦቹን አምና ጥቅምት ላይ ነው ያዛወርኳቸው። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ደህና ማር ቆረጥኩ። ከላይኛው የማር ክፍልም፣ ንግሥቲቱ እንቁላል ከምትጥልበት ከታችኛው የእጭ ክፍልም ወሰድኩ።

ከጥር ወዲህ ዘመናዊዎቹ እየደከሙ ሄዱ። ከአሥሩ ፍሬም (ንቦቹ ሰም የሚሠሩበት የእንጨት ማዕቀፍ) በንብ የተሸፈነው ሦስቱ ብቻ ነው። በአንደኛው ቀፎ ዳር ላይ ያሉት ፍሬሞች የሸረሪት ድር በመሰለ ነገር ተተብትበዋል። ሐሳብ አላስቀምጥ ስላለኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ እከፍታቸዋለሁ። ክፉኛ ይናደፋሉ። ጎረቤቴ «ሁለቱን ደካሞች አዋህደህ አንድ ጠንካራ አድርጋቸው» አለኝ። ቸኩዬ እንዳላጠፋቸው ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

ልጄ፣ መጀመሪያ እጅህን ሰብስብ። በሳምንት ሁለት ጊዜ መክፈት ለእኛ አገር ንብ በጣም ብዙ ነው። በከፈትክ ቁጥር እጩ ይበርደዋል፤ ንቦቹም ደንግጠው ያላቸውን ጥቂት ማር ይጎርሳሉ። ሲሰለቻቸው ቀፎውን ጥለው ይሄዳሉ። እኩለ ቀንም አይሆንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክፈት። ከመግቢያው በኩል ሳይሆን ከኋላ ቅረብ። ደረቅ ኩበት ጥሩ ጭስ ይሰጣል፤ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን።

ሌላው ማሩ ነው። እኔ ከእጭ ክፍል ማር አልቆርጥም። እሱ የእነሱ ቀለብ ነው። መችና ኑግ ካለፈ በኋላ ብሳናና ባሕር ዛፍ እስኪያብብ ድረስ ንብ የሚቀምሰው ትንሽ ነው። ግራዋ ቢያብብም ብቻውን አያደርስም። ስለዚህ የደከሙት ርቧቸው ሊሆን ይችላል። ቀፎውን ከኋላ በእጅህ አንሳ አድርገህ ክብደቱን እየው። ቀለል ካለ ርሃብ አለ ማለት ነው።

መልስ፦ ከመርዓዊ

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መግቢያው ፊት ለፊት የሞተ ንብ ተከምሯል? እኔ ያለሁት ቆጋ መስኖ አጠገብ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ የነፍሳት መድኃኒት ሲረጭ፣ በማግሥቱ ጠዋት ደጃፌ ምላሳቸውን ባወጡ ንቦች ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ያ ከሆነ መፍትሔው ከጎረቤት ጋር መነጋገር ነው። ንብ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ሲመሽ እንዲረጩ ለምናቸው። እኔ ሦስት ጎረቤቶቼን አስማምቻለሁ፤ ማር ስቆርጥም አልረሳቸውም።

የሞተ ከሌለና እየሳሳ ብቻ ከሄደ ግን ችግሩ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ከቡሬ፣ ዘመናዊ ቀፎ ላይ የምሠራ

እባክህ እንዳታዋህዳቸው! ቢያንስ እንቁላሉን ሳታይ አታድርገው። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ደካማ ናቸው። ውስጣቸው ግን የተለያየ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ንግሥት ከሌለውና ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል መጣል ከጀመሩ፣ ስታዋህዳቸው የደህናውን ቀፎ ንግሥት ሊገድሉብህ ይችላሉ። ያኔ ሁለቱንም ታጣለህ። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ንግሥት አጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ ክፈትና ይህን እይ። መሐል ያለውን ፍሬም አውጣ። ፀሐይን ለጀርባህ ስጣትና ብርሃኑ በትከሻህ ላይ አልፎ የሰም እንጀራው ዓይን (ቀዳዳ) ውስጥ እንዲገባ አድርግ። እንቁላል የጤፍ ቅንጣት የምታክል፣ ቀጠን ያለች ነጭ ነገር ናት። በየዓይኑ አንድ አንድ ሆና፣ ታች ወለሉ መሐል ላይ ቆማ ካየሃት ንግሥት አለች። ንግሥቲቱን ራሷን ካላየሁ ብለህ አትድከም። እንቁላል ከተጣለ ሦስት ቀን ስለሚቆይ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት ውስጥ ነበረች ማለት ነው።

በአንድ ዓይን ውስጥ ሁለትም ሦስትም እንቁላል ካየህ፣ እሱም ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ከሆነ፣ የሠራተኞቹ ሥራ ነው። የታሸገውንም እጭ እየው። የሠራተኛ እጭ ክዳን ከሞላ ጎደል ለጥ ያለ ነው። የድንጉላ (የወንድ ንብ) ክዳን እንደ ሽንብራ ጉብ ይላል። በሠራተኛ ዓይን ላይ እዚህም እዚያም የተበተነ ጉብ ጉብ ያለ ክዳን ካለ ተስፋው ቀጭን ነው። ከሠራተኞቹ እንቁላል የሚወጣው ድንጉላ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀለብ አያመጣም።

ድሩ የሰም ብል ነው። እሱ የደከመ ቀፎን ተከትሎ ይመጣል እንጂ ጠንካራውን ቀፎ ንቦቹ ራሳቸው ያጸዱታል።

ጠያቂው፦ ከሦስት ቀን በኋላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት አመሻሽ ላይ እንዳላችሁኝ ከፈትኩ። የሞተ ንብ ክምር የለም። በቀፎ አንድ እንቁላሉ ጥቂት ነው፤ ግን አንድ አንድ ሆኖ ወለሉ ላይ አለ። ማር የሚባል ነገር የለውም፤ ሲነሳ ላባ ነው። ብሉ ያለውም እሱ ላይ ነው። በቀፎ ሁለት አንድ ዓይን ውስጥ አራት እንቁላል ቆጠርኩ። ክዳኑ ልክ እንደ ሽንብራ ነው። ጎረቤቴን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስ እንደነበር ሳስበው ደነገጥኩ። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቡሬ

ቀፎ አንድ ይድናል። የላይኛውን የማር ክፍል አንሳለት። በንብ የተሸፈኑትን ሦስት ፍሬሞች አስቀርና አንድ ንጹሕ ጨምር። ሌላውን አውጣና ጎናቸውን በሳንቃ ከልል፤ ሦስት ፍሬም ንብ አሥር ፍሬም ማሞቅም መጠበቅም አይችልም። ብል የገባበትን እንጀራ አቅልጠህ ሰሙን አውጣው። መግቢያውን አንድ ጣት እስኪያሳልፍ አጥብበው፤ አለዚያ ጠንካሮቹ ቀፎዎችህ ይዘርፉታል።

ከዚያ መግብ። አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጥ። በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል፣ ሲመሽ ቀፎው ውስጥ አስቀምጥላቸው። እንዳይሰምጡ ላዩ ላይ ጭድ አድርግ። ውጭ አታስቀምጥ፤ ጠብታም አታፍስስ። ከገበያ የተገዛ ማርም አትስጥ፤ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

መልስ፦ ከእንጅባራ

እኔ ከስኳሩ ጋር ትንሽ የባቄላ ሽሮ እሰጣለሁ፤ የአበባ ዱቄት ሲጠፋ ለእጩ ይረዳል። ግን ሽሮው ቅመምም በርበሬም ጨውም ያልገባበት ይሁን። ለወጥ ከተዘጋጀው ዘግነህ እንዳትሰጣቸው፣ አደራ። ደግሞ የቀፎ ማስቀመጫውን እግር አትርሳ። ሥሩ አመድ ነስንስ፤ እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀባው። ደካማ ቀፎን ጉንዳን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

ቀፎ ሁለትን በተመለከተ፣ ልጄ፣ እንደ ቀፎ አይድንም፤ ንቦቹ ግን ይተርፋሉ። አውራ (ንግሥት) የሌለውን መንጋ ስኳር አያድነውም። ሞቅ ባለ ቀን፣ ወደ ማታው ሲል ደህና አድርገህ አጭሰው፤ ማር እንዲጎርሱ ትንሽ ታገሥ። ከዚያ ከባህላዊዎቹ ቀፎዎች ፊት፣ ራቅ ብለህ ሣር ላይ ነጠላ ወይም ጆንያ አንጥፍና ንቦቹን አራግፋቸው። ባዶውን ቀፎ ከቦታው አንሳው፤ ቤታቸውን ካገኙት ይመለሱበታል። ሆዱን ሞልቶ ለመጣ ንብ ጠባቂዎቹ ብዙ ጊዜ በሩን አይከለክሉትም። ያን ዕለት የቀፎ አንድን መግቢያ በጣም አጥብበው፤ ወደ ደካማው እንዳይገቡ።

ጠያቂው፦ መጋቢት መጨረሻ

አራገፍኳቸው። አብዛኞቹ ከመምሸቱ በፊት ባህላዊዎቹ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ፍልሚያ ነበር፤ ጠዋት አሥራ አምስት ያህል የሞተ ንብ አገኘሁ። ቀፎ አንድን ለሦስት ሳምንት ሲመሽ ስኳሩን ከማስቀመጥ በቀር ፍሬም ሳላወጣ ደጁን ብቻ ስመለከት ከረምኩ። መጀመሪያ ባዷቸውን ይገቡ ነበር፤ አሁን እግራቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ተሸክመው ነው የሚመጡት። ትናንት ስከፍት አራቱንም ፍሬም ሸፍነዋል፤ የታሸገው እጭም ለጥ ያለ ነው። ደስታዬን አልችለውም! ባሕር ዛፉ ሊያብብ ነው። የማር ክፍሉን መቼ ልመልስ?

መልስ፦ ከቡሬ

እሰይ! አትቸኩል። እነሱ ሲሰፉ አንድ አንድ ፍሬም እየጨመርክ አሥሩን ሙላ። ስምንት ዘጠኙን በንብ ሲሸፍኑት ነው የማር ክፍሉን የምትጭነው። አበባው ሲፈነዳ ስኳሩን አቁም፤ ማርህ ውስጥ እንዳይገባ። ባዶው ቀፎ በደንብ ይጽዳ፣ በእሳት ወላፈን ይለብለብ። መስከረም ላይ ከአባትህ ቀፎ መንጋ ሲወጣ ታስገባበታለህ።