አረቄ እንደ ስኮች ፈቃድ ይውጣለት? (ክርክር)

የሱሉልታው፦ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ሦስት እንግዶች ጠርቼ ሲንግል ሞልት ቀመስን፤ በአንድ ማውጫ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚወጣ ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ውስኪ ነው። ግሌንሊቬት 12፣ ማካላን 12፣ ላጋቩሊን 16። እንዳይለዩ በሸክላ ሲኒ ነው የቀዳሁት። ግሌንሊቬቱን ቀለል ያለ ነው አሉ። ማካላኑ የሼሪ ወይን በርሜል ውስጥ ስለሚቆይ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ላጋቩሊን ብቅሉ የሚደርቀው ፒት በሚሉት የረግረግ አፈር ጭስ ነው፤ አንዱ እንግዳዬ አሽትቶ "በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን!" አለ። ከዚህ የተሻለ ገለጻ ሰምቼ አላውቅም።

ሳልነግራቸው አራተኛ ሲኒ ጨመርኩ፤ የደብረ ብርሃን ዳግም አረቄ። አንዱ "ይሄ ገና ልጅ ነው" አለ። ሌላው ግን ከአራቱ ሁለተኛ አደረገው።

እንግዲህ ጥያቄዬ። ስኮቹን ሳሎን ደርድረን እንኮራበታለን፤ አረቄ የምታወጣውን ሴት ግን በጓሮ በር ነው የምንጎበኛት። ሁለቱም ከእህል ነው የሚወጡት። ዳግምም ሞልት ውስኪም ሁለት ጊዜ ይወጣሉ። የቤት አረቄ ፈቃድና ምርመራ ይኑረው ወይስ እንዳለ ይተው? እኔ ፈቃድ ይውጣለት ባይ ነኝ።

ባለ መለኪያ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ኑሮ ሦስት ጠርሙስ ስኮች ከፍተህ ለድሃዋ ልትሟገት? በአምቦ ውሃ አለመበረዝህንም ንገረንና እንረፍ።

የሱሉልታው፦ የአራት ሰው መዋጮ ነው፤ አንዱን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣው። የቀዳሁትም መለኪያ አይሞላም። ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሬያለሁ፤ ሽታውን ይከፍተዋል። አምቦ ግን አላደረግኩም፣ ይቅር ይበለኝ።

የአረቄ አውጪዋ ልጅ፦ እናቴ ሰበታ ዳር አረቄ አውጥታ ነው አራታችንን ያስተማረችን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች። ድፍድፉን ከእንስራው ትጨምራለች፣ ክዳኑን ትመርጋለች፣ እሳቱ እንዳይበዛም እንዳይጠፋም ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እሳቱ ከበዛ አረቄው ያርራል። ዓይኗ በጭስ አልቋል። ስለዚህ ፈቃድ ስትል ለማን ነው? የማይዝግ ብረት ጋን፣ የታሸገ ጠርሙስ፣ መለያ ወረቀት ከተጠየቀ ፈቃዱን የሚያወጣው ገንዘብ ያለው ነው። እናቴ ተቀጥራ ጠርሙስ ታጥባለች።

የሱሉልታው፦ እህቴ፣ ስኮትላንድም እንዲሁ ነበረች። ግብሩ ስለከበደ በየሸለቆው ተደብቀው ነበር የሚያወጡት። በአውሮፓውያኑ 1823 በወጣ ሕግ የፈቃድ ክፍያው 10 ፓውንድ ሆነ፣ ግብሩም ቀለለ። በግሌንሊቬት ሸለቆ መጀመሪያ ፈቃድ ያወጣው ጆርጅ ስሚዝ ነው፣ በ1824። ጎረቤቶቹ ከዳተኛ ነህ ብለው ማውጫውን ሊያቃጥሉበት ስለዛቱ ሁለት ሽጉጥ ታጥቆ ይንቀሳቀስ ነበር። ዛሬ የምንጠጣው የሱን ነው።

የአረቄ አውጪዋ ልጅ፦ ባለ ሽጉጡን ነገርከን። ሽጉጥ ያልነበራቸውስ የት ደረሱ?

የሱሉልታው፦ እውነት ነው፣ ብዙዎቹ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ጠፉ።

ነጭ ጋውን፦ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሰው ሜታኖልን፣ መርዛማውን የአልኮል ዓይነት፣ ይፈራል፣ ልክም ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፣ በምላስ ደግሞ አይለይም። ነገር ግን ከእህል ብቻ የተጠነሰሰ ድፍድፍ ብዙ ሜታኖል አይሰጥም። አደገኛው ለማብዛት ሲባል የኢንዱስትሪ አልኮል የሚቀላቅለው ነጋዴ ነው። ያንን በምርመራ እንጂ በሌላ አትይዘውም። ሌላው ችግር ጥንካሬው ነው። ስኮች ቢያንስ 40 በመቶ ነው፣ ጠርሙሱ ላይም ይጻፋል። የአረቄው ግን ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ይለያያል፣ ጠጪውም መጠኑን አያውቅም። የአልኮል መለኪያ ማለት እኮ ተንሳፋፊ የብርጭቆ ዘንግ ነው። ፋብሪካ አትጠይቋቸው። በማኅበር ይደራጁ፣ ዘንጉን ይያዙ፣ ናሙና ይስጡ።

እትዬ፦ እናንተ ስለ ጣዕም ታወራላችሁ፣ እኔ በማለዳ ሰክሮ ቦይ ውስጥ የሚወድቀውን ልጅ ነው የማነሳው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ እኮ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለም እንዳይሸጥ ከለከለ። እናንተ ደግሞ አረቄን ፈቃድ አልብሳችሁ ልታከብሩት!

የሱሉልታው፦ እትዬ፣ ልጁ የወደቀው ያለ ፈቃድ በሚሸጠው ነው። ዕድሜውን የሚጠይቀው ማን ነው? ፈቃድ ያላት ሴት ፈቃዷን እንዳትነጠቅ ትፈራለች።

እትዬ፦ ፈቃድ ያለው ግሮሰሪ ሲጠይቅ አይተሃል?

ነጭ ጋውን፦ እዚህ ላይ እትዬ አሸነፉ።

የአረቄ አውጪዋ ልጅ፦ ለእናቴ አነበብኩላት። ስኮች ለመባል ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል መቆየት አለበት፣ ከበርሜሉም በየዓመቱ ሁለት በመቶ ያህል ይተናል ስላት ሳቀች። "ሦስት ዓመት ካስቀመጥኩት ልጆቹ ምን ይበላሉ?" አለች።

የሱሉልታው፦ እሷን አስቀምጪ የሚል የለም። ለጆርጅ ስሚዝም ማስቀመጥ ግዴታው አልነበረም። ያ ሕግ የመጣው በአውሮፓውያኑ 1915 ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ በዓመቱ ሦስት ሆነ። ከፈቃዱ 90 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። የምርመራውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ግን አሁንም አልተመለሰልኝም።

ባለ መለኪያ፦ ለመሆኑ አረቄውን ሁለተኛ ያደረገው ማን ነበር?

የሱሉልታው፦ ስሙን አልናገርም። ሳሎኑ ውስጥ ሰባት ጠርሙስ ስኮች የደረደረ ሰው ነው፤ እስካሁንም አልነገርኩትም።