«ስሙን አጥፍቻለሁ» ማለት ይበቃል?

የላስታዋ፦ ትናንት አንድ የማስተርስ ተማሪ ግሩፓችን ላይ ኤክሴል ፋይል ለቀቀ። «ለቴሲሳችሁ ተጠቀሙበት፤ ስሙን አጥፍቻለሁ» ይላል። ከፈትኩት። ቀበሌ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ የልጅ ብዛት አለ፣ የኤችአይቪ ውጤት አለ። አንዷ 43 ዓመቷ ነው፤ የ9 ልጆች እናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ጠላ ሻጭ። በአንድ ቀበሌ እንዲህ ያለች ሴት ስንት አለች? ጎረቤት ይቅርና የገበያ ደንበኛዋም ይለያታል። እንቅልፍ ነው የነሳኝ።

መንገደኛው፦ የላክሁት እኔ ነኝ። ለክፋት አይደለም። ለዚያ ዳታ 2 ወር በእግሬ ዞሬያለሁ። ሌላ ተማሪ ሄዶ እናትየዋን ከሥራዋ አስነስቶ ያንኑ 60 ጥያቄ ከሚደግምባት፣ የተሰበሰበውን ብንጋራ አይሻልም? በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ፖሊሲም ዳታ ክፍት ይሁን ይላል። ስሙን ደግሞ አጥፍቻለሁ።

ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ ፖሊሲውን ግማሹን ብቻ አትጥቀስ። በተቻለ መጠን ክፍት፣ በሚያስፈልገው መጠን ዝግ ነው የሚለው። የዳታ አያያዝ ዕቅድም ይጠይቃል። ፋይሉ የት ይቀመጣል? ማን ይከፍተዋል? መቼ ይጠፋል? ቴሌግራም ላይ ከለቀቅኸው በኋላ የፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም።

የድሮ ዳታ ሰብሳቢ፦ ዕቅዱማ ፕሮፖዛል ላይ አለ። «በይለፍ ቃል ይጠበቃል» ብለን ከጓደኛ ገልብጠን እንጽፋለን። የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ክሊራንስ (ፈቃድ) ከሰጠ በኋላ ማን ዞሮ ያያል? እኔ የሠራሁበት ጥናት መጠይቁ በጆንያ ታስሮ ቢሮ ጥግ ቀረ። ከዓመት በኋላ እዚያው በር ላይ ቆሎ ገዛሁ። ወረቀቱን ስፈታው የእኛ የስምምነት ፎርም ነው። ከታች የአውራ ጣት አሻራ አለበት፤ ወይን ጠጁ ቀለም አልደበዘዘም። ያንን ጣት ቀለም ያስነካሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። ቆሎው አልበላ አለኝ።

የላስታዋ፦ «ስሙን አጥፍቻለሁ» የምትለው ነገር አልወጣልኝም። ከፋይሉ ስሟን ሰረዝክ። በሰፈሯ ግን ስሟን አጠፋህባት።

መንገደኛው፦ ስም አጥፊ አትበይኝ። አንቺስ ዕድሜዋን ከነልጆቿ እዚህ ዘርዝረሽ የለም እንዴ?

የላስታዋ፦ ዕድሜውንም፣ የልጆቹንም ቁጥር፣ ሥራውንም ቀይሬ ነው የጻፍኩት። አንተም ዕድሜውን ከ40 እስከ 49 ብትል፣ ቀበሌውን ትተህ ዞኑን ብትጽፍ ምን ነበረበት?

ወባ ላይ የምሠራ፦ ቀበሌ ይውጣ የሚለው አይዋጥልኝም። ቀበሌው ካልታወቀ አጎበሩ ወዴት ይላካል? ሁሉን በዞን ካጠቃለልን ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ የሚጎዳውም ያው የገጠሩ ሰው ነው።

ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ ቀበሌው ይጥፋ አላልንም። ቀበሌ ያለበት ፋይል ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የፈለገ በማመልከቻ፣ ፈርሞ ይውሰድ። የጤና መረጃ እኮ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው።

ወባ ላይ የምሠራ፦ ማመልከቻው ስንት ወር ይፈጃል? ወረርሽኝ ፊርማ አይጠብቅም።

ነርስ ከደሴ፦ ሁላችሁም ስለ ፋይል ነው የምታወሩት። እናትየዋ ስትስማማ ምን ተባለች? መንገደኛው፣ ምን አልካት?

መንገደኛው፦ ፎርሙ ላይ ያለውን አነበብኩላት። «ከአጥኚው በቀር ማንም አያየውም» ይላል።

ነርስ ከደሴ፦ በል እንግዲህ። ያመነችው ያንን ቃል ነው። ስም ኖረ አልኖረ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

መንገደኛው፦ ፋይሉን አሁን አንስቼዋለሁ። 212 ሰው አይቶታል።

አዲስ ገቢ፦ እኔ አውርጄዋለሁ። ምዕራፍ 4ን በእሱ ጀምሬያለሁ፤ ቴሲሱን የምከላከልበት ዲፌንሴ ሰኔ ላይ ነው። አድቫይዘሬም አይቶ ጥሩ ነው ብሎኛል። ልሰርዘው?